ዋሽንቱን ከማማታችን በፊት ቀዳዳውን እንይ

«ሳይገሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» ይላሉ አባቶቻችን። ተረቱ ለሌላ ሰው ሲነገር ደስ ይላል፤ በራስ ላይ ሲመጣ ግን ያማል። እኔ ላይ የመጣው ባለፈው ገና ነው። ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ በዚህች ቡሌቲን ላይ የምጽፈው ግማሹ አስተያየት፣ ግማሹ ደግሞ እርማት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንደኛ ዓመት እያለሁ ለፊቸር አጻጻፍ ኮርስ አንድ አሳይመንት ሠርቼ ነበር። ርእሱ «ፕላስቲክ የገደለው ዋሽንት» ይላል። እኔ የላስታ ልጅ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁት ላሊበላ ከተማ ነው። ከከተማው ወጣ ሲባል፣ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ በሚወስደው በኩል፣ እረኞች የውሃ ቱቦ ቆርጠው ዋሽንት እየሠሩ ሲነፉ አይቻለሁ። ይህን ይዤ «ባህላችን ጠፋ፣ የሸምበቆው ለዛ ሞተ» እያልኩ ሦስት ገጽ ሙሉ አለቀስኩ። ጽሑፉ ጥሩ ውጤት አመጣ። ዶርም ውስጥ ያነበቡት ልጆችም «አንጀት ይበላል» አሉኝ። «ለመሆኑ ሁለቱን አወዳድረህ ሰምተሃል ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም። እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

ባለፈው ገና በዓሉን ከቤተሰብ ጋር ለማክበር ወደ ላሊበላ ሄድኩ። የላሊበላን ገና ያየ ያውቀዋል፤ ቤተ ማርያም ላይ ካህናቱ ቤዛ ኩሉ ሲሉ፣ ከበሮውና ጸናጽሉ ሲቀላቀል፣ ሰው የቆመበትን ይረሳል። ከበዓሉ በኋላ በተዘጋጀ አንድ አነስተኛ የባህል ዝግጅት ላይ የአክስቴ ልጅ ዋሽንት እንዲነፋ ተጠርቶ ነበር። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ አያ እያልኩ ነው የምጠራው። ከብት ሲጠብቅ ጀምሮ የነፋ፣ ሰርግ ላይ የሚፈለግ ልጅ ነው።

አዘጋጆቹ ዋሽንቱን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ፕላስቲክ ነዋ! «በዚህማ እንግዳ ፊት አትወጣም» አሉትና ከስጦታ ዕቃ መሸጫ የሚያምር፣ መስቀል የተቀረጸበት የሸምበቆ ዋሽንት አስመጡለት። ከማሲንቆ ጋር ጀመሩ። ምን ልበላችሁ! አልገጠመም። ማሲንቆ መቺው ጭራውን ላላ ጠበቅ ቢያደርግ፣ አያ ከንፈሩን ቢያጣምም፣ ጣቱን ቢያንሸራትት አልሆነም። ሰዉ ሳቀ። አያ አንገቱን ደፍቶ ወረደ።

ማታ ቤት ቁጭ ብለን «አያ፣ ምን ነክቶህ ነው?» አልኩት። መልስ ሳይሰጠኝ ሁለቱን ዋሽንቶች ጎን ለጎን አጋደማቸው። የሸምበቆው አራት ቀዳዳዎች እኩል እኩል ተራርቀዋል፤ በማስመሪያ የተለኩ ይመስላሉ። የእሱ ላይ ግን አንዱ ቀዳዳ ተጠግቷል፣ አንዱ ርቋል፣ አንዱም ከሌሎቹ ጠበብ ብሏል። «ይኼን የሠራው ሰው ሲነፋ አልሰማውም፤ እኔ ግን እየነፋሁ ነው የበሳሁት» አለኝ። ሦስት ገጽ የጻፍኩበት ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ፈረሰ።

ኮሌጅ ከተመለስኩ በኋላ ነገሩን ማንበብና መጠየቅ ያዝኩ። የገባኝን ላካፍላችሁ።

ዋሽንት ሲነፋ የሚርገበገበው በዋናነት ሸምበቆው ሳይሆን በውስጡ ያለው አየር ነው። ትንፋሻችን የቱቦውን ጠርዝ ሲመታ አየሩ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ድምፁ ወፍራም ወይም ቀጭን የሚሆነው በዚያ አየር ርዝመት ነው። ቀዳዳው ሁሉ ሲደፈን ወፍራሙ ድምፅ ይወጣል። ከታች ያለው ሲከፈት አየሩ ያጥርና ድምፁ ይቀጥናል። አራት ቀዳዳ ከሙሉ ድፍኑ ጋር አምስት ድምፅ ይሰጣል፤ ቅኝቶቻችንም ባለ አምስት ድምፅ ናቸው። ጠንከር ተደርጎ ሲነፋ ደግሞ እነዚያው ድምፆች አንድ ኦክታቭ ከፍ ብለው ይመጣሉ። ቀዳዳው ወደ አፍ በተጠጋ ቁጥር፣ በሰፋም ቁጥር ድምፁ ከፍ ይላል። ቀዳዳውን በጣት ግማሽ ሸፈን ማድረግ ደግሞ ዝቅ ያደርገዋል።

«ታዲያ ቱቦው የተሠራበት ነገር ምንም አይለውጥም?» ትሉ ይሆናል። በ1971 እ.ኤ.አ. ጆን ኮልትማን የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ባለሙያ ይህንኑ ፈትኖታል። የውስጥ ልካቸው አንድ ዓይነት የሆነ ሦስት ፍሉቶች አዘጋጀ፤ አንዱ ከስስ ብር፣ አንዱ ከወፍራም መዳብ፣ አንዱ ከእንጨት። ሙዚቃ የሚያውቁ አድማጮች ነፊውን ሳያዩ አዳመጡ። የትኛው ከምን እንደተሠራ በድምፁ ብቻ መለየት አልቻሉም።

ይህ ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም። በ1924 እ.ኤ.አ. አርባዎቹ አርመናውያን ልጆች ከኢየሩሳሌም መጥተው፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የናስ ባንድ ካቋቋሙ ወዲህ የናስ መሣሪያ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በአንድ የማርሽ ባንድ ውስጥ ፍሬንች ሆርን የሚነፋ ሰው አግኝቼ ስለዚሁ ጠይቄው ነበር። ሆርን የተጠቀለለ የናስ ቱቦ ነው፤ ኤፍ የሚባለው ዓይነት ቢዘረጋ 3.7 ሜትር ገደማ ይሆናል። ነፊዎቹም እንደኛው ይከራከራሉ፤ አንዱ ቢጫው ናስ ይሻላል ይላል፣ ሌላው መዳብ የበዛበት ሞቅ ይላል ይላል፣ ሌላው ኒኬል ያለበትን ይመርጣል። እሱ ግን የነገረኝ ስለ ጣት ነው። የግራ እጅ ጣቶች ቫልቭ ሲጫኑ ተጨማሪ ቱቦ ይከፈታል፣ የአየሩም መንገድ ይረዝማል። አንዱን ድምፅ በሁለት በሦስት ዓይነት የጣት አጣጣል ማውጣት ይቻላል፤ አንደኛው ግን ትንሽ ከፍ፣ ሌላው ትንሽ ዝቅ ብሎ ይወጣል። ቀሪውን በከንፈርና በመሣሪያው አፍ ውስጥ በሚገባው ቀኝ እጅ ያስተካክሉታል። ሆርን በጣት ያስረዝማል፣ ዋሽንት በጣት ያሳጥራል። ሁለቱም ጋ ግን ሥራው የርዝመት ሥራ ነው።

አሁን ወደ ወሎ ልመልሳችሁ። ባቲና አምባሰል የቦታ ስም ብቻ አይደሉም፤ የቅኝት ስምም ናቸው። ከትዝታና ከአንቺሆዬ ጋር አራት ይሆናሉ። በትዝታ (ሜጀር በሚባለው) ከመጀመሪያው ድምፅ ወደ ሁለተኛው አንድ ሙሉ ድምፅ ነው፤ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛውም እንዲሁ። በአምባሰል ግን የመጀመሪያው እርምጃ ግማሽ ድምፅ ብቻ ሲሆን ቀጣዩ ሁለት ሙሉ ድምፅ ነው። ባቲ ደግሞ በሁለት ሙሉ ድምፅ ይጀምርና ወዲያው ግማሽ ይራመዳል። እንግዲህ እርምጃው እንዲህ ከተለያየ ቀዳዳው እንዴት እኩል እኩል ይራራቃል? ክራር ጅማቱን ጠምዝዞ ከትዝታ ወደ ባቲ ይሄዳል። ዋሽንት ግን አንዴ ከተበሳ ተበሳ ነው። ጎበዝ ነፊ በከንፈሩና በግማሽ ጣት ያቃናዋል እንጂ ሌላ ቅኝት አያደርገውም። ዋሽንት ነፊዎች አንድ እቅፍ ዋሽንት ይዘው የሚዞሩት ለዚህ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. በሐሊም ኤል ዳብ የተመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ዋሽንት፣ ማሲንቆ፣ ክራርና ሌሎችንም በአንድ መድረክ ካሰባሰበ ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ የብቸኛ እረኛ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል፤ ከጎን ካለው መሣሪያ ጋር መግጠም ግድ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ብርዱ። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እኔ ራሴ በዚያ አሳይመንት «በላስታ ስስ አየር የተነሳ የዋሽንቱ ድምፅ ልዩ ነው» ብዬ ጽፌ ነበር። የአየሩ መሳሳት የድምፅን ፍጥነት አይለውጠውም፤ የሚለውጠው ሙቀቱ ነው። በ10 ዲግሪ ድምፅ በሰከንድ 337 ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ በ25 ዲግሪ ግን 346 ሜትር ገደማ። በዋሽንት ላይ ይህ ልዩነት የግማሽ ድምፅ እኩሌታ ሊጠጋ ይችላል። ጠዋት በብርድ የተነሳ ዋሽንት ዝቅ ይላል፤ ሲነፋ ቆይቶ፣ ፀሐይም ሞቅ ስትል ከፍ ይላል። አያ መድረክ ከመውጣቱ በፊት ዋሽንቱን ጋቢው ውስጥ ሸጉጦ የሚያሞቀው ለካ ለዚህ ነው! ልጅ እያለሁ እንዳይሰረቅበት የሚደብቀው ይመስለኝ ነበር።

እዚህ ላይ ፍርደ ገምድል እንዳልሆን። ቁሱ ምንም ሚና የለውም እያልኩ አይደለም። ከበሮ ላይ የሚመታው ቆዳው ራሱ ነው የሚርገበገበው፤ ቆዳው ሲለወጥ ድምፁም ይለወጣል። ጸናጽል ላይ የሚጋጨው ብረቱ ራሱ ነው። ማሲንቆም ቆዳውና ጭራው ናቸው የሚሰሙት። በዋሽንትም ቢሆን ሸምበቆ ውስጡ ሻካራ ወይም ወጣ ገባ ሲሆን፣ እርጥበት ሲጠጣ፣ ሲሰነጠቅ ድምፁ ይጎዳል። ጠርዙ ስል ወይም ዱልዱም መሆኑም ይሰማል። ፕላስቲክም የራሱ ጣጣ አለው፤ በጋለ ብረት ሲበሳ የሚወጣው ጭስ ለሳንባ መጥፎ ነው፣ መሰርሰር ይሻላል። ብቻ እነዚህ ሁሉ የአሠራር ጉዳዮች ናቸው። «ሸምበቆ ከሆነ ጥሩ፣ ፕላስቲክ ከሆነ መጥፎ» የሚል ፍርድ አይወጣቸውም።

«ነገሩ የድምፅ ሳይሆን የባህል ነው» የሚል ክርክርም ሰምቻለሁ። እስማማለሁ፣ ሸምበቆ ያምራል፤ ከወንዝ ዳር ተቆርጦ፣ ደርቆ፣ ተበስቶ እዚህ መድረሱም ራሱን የቻለ እውቀት ነው። ይህ እውቀት እንዲጠፋ አልፈልግም። ግን ባህሉ ያለው የት ነው? ቱቦው ላይ ነው ወይስ አምባሰልን በጣቱ ለክቶ መብሳት የሚችለው ሰው ላይ? ደጋ ላይ ሸምበቆ ያጣ እረኛ የተጣለ ቱቦ አንስቶ የአባቱን ቅኝት በትክክል ካወጣበት ባህሉን ገደለው ወይስ አዳነው? በአንጻሩ ሸምበቆ ላይ መስቀል ቀርጾ፣ በማስመሪያ በስቶ ለቱሪስት መሸጥ እንደ ጌጥ ምንም አይደለም። በ2012 ኮሮና፣ ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ጦርነት መጥቶ እንግዳ ሲጠፋ የስጦታ ዕቃ የሚሸጡ ወገኖቻችን ምን እንዳሳለፉ ዓይቻለሁና በእንጀራቸው አልመጣም። ጌጡን ግን ጌጥ እንበለው። ነፊውን ግን በጌጥ ንፋ ብለን መድረክ ላይ አናዋርደው።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ አጭር ነው። የባህል ዝግጅት የምታሰናዱ ሰዎች፣ ዋሽንቱን ከማየታችሁ በፊት ከማሲንቆው ጋር አስነፉና ስሙ። የሸምበቆ ዋሽንት ለመድረክ ከፈለጋችሁም ለነፊው ቀድማችሁ ንገሩት፣ ራሱ ይብሳው። እኛ ተማሪዎች ደግሞ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ አንድ ማስመሪያና አንድ መቅረጫ እንያዝ። ዋሽንት የሚበሱ አባቶች የቱጋ እንደሚበሱ፣ በምን እንደሚለኩ፣ ለየትኛው ቅኝት እንደሆነ እንመዝግብ፤ ድምፁንም እንቅዳ። ስለ ባህል መጥፋት ማልቀስ ቀላል ነው፤ ሳልጠይቅ አልቅሼ ስላየሁት አውቀዋለሁ።

አያን እዚያው መድረክ ላይ ያሳቁበት አዘጋጆች ክፉ ሰዎች አይደሉም። እነሱም የሚያምኑት እኔ የጻፍኩትን ዓይነት ነገር ነው። ማን ያውቃል፣ እንደኔ ያለ ጽሑፍ አንብበው ይሆናል። ጋዜጠኛ ሳያጣራ የጻፈው ነገር አንድ ቀን ዞሮ የራሱን ወንድም ከመድረክ ሊያወርድ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከመመለሴ በፊት በነበረው ምሽት አያ በዚያችው የውሃ ቱቦ አምባሰልን ነፋልኝ። እናቴ ቡና እያፈላች ነበር፤ ረከቦቱን ትታ ዝም ብላ አዳመጠች። ከምን እንደተሠራ አልጠየቀችም።

ቸር እንሰንብት።