የማይመለስ ፎቶ ኮፒ

በሥራ ማስታወቂያዎች ላይ ከሚጻፉት ነገሮች ሁሉ እኔን የምትገርመኝ አንዲት ሐረግ አለች። «ኦርጅናልና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ይዛችሁ በአካል በመቅረብ» የምትለዋ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስለ ሰምና ወርቅ ብዙ ለፍልፌያለሁ። እንደዚህች ያለ ምሳሌ ግን በእጄ ገብቶ አያውቅም። ሰሙ «ፎቶ ኮፒው ተመልሶ አይሰጣችሁም» ነው። ወርቁ «ጥያቄያችሁ አይመለስም» ነው። ማስታወቂያውን የሚጽፈው የሰው ሀብት ሠራተኛ ቅኔ ልዝረፍ ብሎ አልተነሳም። ሥራ ፈላጊው እጅ ላይ የሚደርሰው ግን ወርቁ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ወዲህ ኑሮዬን የምገፋው በዚህ ዓምድና አልፎ አልፎ በሚመጣ የአርትዖት ሥራ ነው። ታዲያ ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት «ከፍተኛ የአማርኛ አርታኢ፣ ብዛት 1» ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። ሁለተኛ ዲግሪ፣ ቢያንስ 8 ዓመት ልምድ፣ ደመወዝ በስምምነት። እንዴት ብዬ ልለፋት? ኮፒ አስነሳሁ፣ ተመዘገብኩ፣ የጽሑፍ ፈተናውን ተፈተንኩ፣ ለቃለ መጠይቅ ከቀረብነው ሦስት ሰዎች አንዱ ሆንኩ። ከጠያቂዎቹ አንዱ፣ ልጄ የሚሆን ወጣት፣ «በዕድሜ ከእርስዎ በጣም በሚያንስ አለቃ ሥር መሥራት ይከብድዎት ይሆን?» አለኝ። «ያስተማርኳቸው ሁሉ ከእኔ ያንሱ ነበር፤ ከእነሱም ብዙ ተምሬያለሁ» አልኩት። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ስወጣ «በሁለት ሳምንት ውስጥ ደውለን ውጤቱን እናሳውቅዎታለን» ተባልኩ።

ስልክ የሚጠብቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? መታጠቢያ ቤት ሲገባ እንኳ ስልኩን ይዞ ነው የሚገባው። ስልኩ ጮኸ ብሎ በአረፋ እጁ ሲያነሳው የጥቅል ማስታወቂያ ነው። ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ዕድሜህ ፍቅር ያዘህ እንዴ?» ብላ እስክትቀልድብኝ ድረስ ጠበቅሁ። ሁለት ሳምንቱ አለፈ። አምስተኛውም፣ ስድስተኛውም ሳምንት አለፈ። በሰባተኛው ሳምንት የድሮ ተማሪዬ በቴሌግራም አንድ ነገር ላከልኝ። «ጋሼ፣ ይቺ ለእርስዎ ትሆናለች» ይላል። ከፈትኩት። ያው መሥሪያ ቤት፣ ያው የሥራ መደብ። ከላዩ ላይ ግን «በድጋሚ የወጣ» የሚል ተጨምሮበታል።

የብራና ጽሑፍ የሚያጠኑ ሰዎች ሁለት ቅጂዎችን ጎን ለጎን አስቀምጠው ልዩነቱን አንድ በአንድ ይለቅማሉ። እኔም ልማዴ ነውና የመጀመሪያውን ማስታወቂያ ካስቀመጥኩበት አውጥቼ አስተያየሁ። የመደቡ መጠሪያ አልተለወጠም። 8 ዓመቱም እንዳለ ነው። «አርታኢ» የሚለው ቃል በመጀመሪያው ላይ «አርትኢ» ተብሎ ተሳስቶ ነበር፤ ስሕተቷም ሳትነካ ተቀምጣለች። (አርታኢ በጣም እንደሚያስፈልጋቸው አልጠራጠርም።) የተጨመረው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ዕድሜ፦ ከ45 ዓመት ያልበለጠ/ች»።

ደወልኩ። ጸሐፊዋ ትሑት ልጅ ናት። «ጋሼ፣ የመጀመሪያው ውድድር ተሰርዟል። ከፈለጉ እንደገና ማመልከት ይችላሉ እኮ» አለችኝ። «ልጄ፣ 45ቱን ምን ላድርጋት?» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ዝም አለች። ከዚያ «እኔ ጸሐፊ ብቻ ነኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። በጠቅላላው ሂደት ውስጥ ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው ምንም ያላጠፋችው እሷ ብቻ ሆነች።

አንዳንዱ አንባቢ «ሰውዬው ሥራ ሲከለከል ጊዜ ብዕሩን መዘዘ» ሊለኝ ይችላል። ይበለኝ፤ ከእውነት አልራቀም። ግን አንድ ነገር ላጥራ። ቀጣሪ የፈለገውን ሰው የመምረጥ መብት አለው። ሦስት ሰው ጠይቆ ሦስቱንም ያለመውደድ መብት አለው። ማስታወቂያ በድጋሚ ማውጣትም ነውር አይደለም። እኔ የምጣላው በሁለቱ ማስታወቂያዎች መካከል ካለው ዝምታ ጋር ነው።

ማስታወቂያ በድጋሚ የሚወጣባቸውን ምክንያቶች ብንቆጥር ከሦስት አይዘሉም። አንደኛው ንጹሕ ነው፤ በእውነት የሚሆን ሰው ጠፍቷል። ሁለተኛው የገንዘብ ነው። «በስምምነት» የተባለው ደመወዝ ሲነገር ተመራጩ «አይ፣ ይቅርብኝ» ይላል፤ መሥሪያ ቤቱም ደመወዙን ከመጨመር በርካሽ የሚገኝ ሰው መፈለግን ይመርጣል። ሦስተኛው ሁላችንም የምናውቀው ነው። ወንበሩ ባለቤት አለው። ባለቤቱ ግን ወይ ዲግሪው አላለቀለትም፣ ወይ በመጀመሪያው ፈተና ወድቋል። እሱ እስኪደርስ ውድድሩ ይሰረዛል።

ሦስቱም ጋ አመልካቹ የሚያገኘው ያው ዝምታ ነው። የዝምታው መዘዝም እዚህ ላይ ነው። ንጹሑ ቀጣሪና ሌባው ቀጣሪ አንድ ዓይነት መልክ ይኖራቸዋል። አመልካቹ ሊለያቸው አይችልም። ስለዚህ ሁሉንም ሌባ ናቸው ብሎ ይደመድማል። በሐቅ የሚሠራ መሥሪያ ቤት ስሙን ማዳን የሚችለው በአንድ አጭር መልእክት ነበር፤ እሷን ቆጥቦ ስሙን ይከፍላል።

ይህን ሁሉ ከየት አወቅኸው ካላችሁኝ፣ መናዘዝ ሊኖርብኝ ነው። በ1996 ዓ.ም. አስተምርበት በነበረው ዩኒቨርሲቲ የረዳት ሌክቸረር ቅጥር ኮሚቴ አባል ነበርኩ። አምስት ሰው ተወዳደረ። ከአምስቱ የበለጠው ከአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጣ መምህር ነበር። ኮቱ ያረጀ፣ ንግግሩ የተቆጠበ፣ ያነበበውን የሚያውቅ ሰው። ሰብሳቢያችን ግን ሌላ ሰው በልቡ ይዞ ነበር፤ ያ ሰው የማመልከቻው ጊዜ ሲያልፍ የማሟያ ጽሑፉን ገና አልጨረሰም። ቃለ ጉባዔው ላይ «ብቁ ተወዳዳሪ ባለመገኘቱ ማስታወቂያው በድጋሚ እንዲወጣ» ተብሎ ተጻፈ። እኔ ምን አደረግሁ? ፈረምኩ። አልተከራከርኩም፣ የልዩነት ሐሳብ አላስመዘገብኩም። ከሰብሳቢው ጋር መጣላት አልፈለግሁም፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ከሦስት ወር በኋላ ማስታወቂያው በድጋሚ ሲወጣ የሚፈለገው ሰው ደርሶ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ያንን መምህር አራት ኪሎ መጽሐፍ ተራ አገኘሁት። እሱ ነው ያስታወሰኝ። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ አንገቱን ሰበር አድርጎ «መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያኔ ቃለ መጠይቁ ላይ ምኑን ነው ያጠፋሁት?» አለኝ። ልብ በሉ፣ ለምን አልቀጠራችሁኝም አላለም። ምኑን አጠፋሁ ነው ያለው። ያቺን አንድ ሰዓት ለዓመታት ሲያገላብጣት ኖሯል። የትኛው መልስ ላይ ተሳሳትኩ፣ ኮቴ ይሆን፣ አነጋገሬ ይሆን ሲል። ምንም አላጠፋም ነበር። እኔም ምን እንዳልኩት ታውቃላችሁ? «ውድድሩ ከባድ ነበር።» በድጋሚ ዋሸሁት።

ከዚያ የቃለ ጉባዔ ፊርማ ሦስት ዓመት በኋላ የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 ክፍት የሥራ መደብ የሚሞላው ተፈላጊውን ችሎታ በሚያሟላና ከሌሎች ተወዳዳሪዎች ብልጫ ባገኘ ሰው ብቻ እንደሆነ በግልጽ ደንግጎ ነበር። ጥሩ ሕግ ነው። ግን «ብቁ ተወዳዳሪ አልተገኘም» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ያለውን ሕግ ጓሮ ለጓሮ ዞራ ታልፈዋለች። ብልጫ ያገኘ ሰው ካለ መቅጠር ግድ ነው፤ ማንም ብልጫ አላገኘም ካልክ ግን ማን ይጠይቅሃል? የተወዳደረው ሰው ነጥቡን እስካላየ ድረስ ማንም አይጠይቅም።

እንግዲህ ቀጣሪዎች የሚያቀርቡትን ምክንያት እንስማ። «አመልካች ብዙ ነው፤ ለሁሉ መልስ መስጠት አይቻልም» ይላሉ። እሺ፣ ፎቶ ኮፒ ብቻ ላስገባው መቶ ሰው አትመልሱ። ቃለ መጠይቅ የቀረበው ግን ሦስት ሰው ነው፣ ቢበዛ አምስት። ኑና ተጠየቁ ለማለት የተደወለበት ስልክ፣ አልሆነም ለማለት ሲሆን ይበላሻል? «ምክንያት ከነገርናቸው ይከሱናል፣ ይጨቃጨቁናል» ይላሉ። ሊነገር የማይችል ምክንያት ካለ ችግሩ ከምክንያቱ ነው። «የተሳሳተ ሰው እንዳንቀጥር ስለምንጠነቀቅ ነው» ይላሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እስከ 60 የሥራ ቀናት የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛው ለሥራው የማይስማማ ሆኖ ከተገኘ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ስንብት ክፍያና ያለ ካሳ ማሰናበት ይቻላል። ለጥንቃቄ ሕጉ 60 ቀን ሰጥቷችኋል፤ የሰው ሰባት ሳምንት ምን ቤት ነው?

ደግሞስ እኛ እንቢ ማለትን የማናውቅ ሕዝብ ነን? ለጋብቻ ሽማግሌ የተላከበት ቤት ምን ያደርጋል? «እስቲ እንመካከርበት» ብሎ ቀን ይቀጥራል። ባይፈልግ እንኳ በቀጠሮው ቀን ሽማግሌዎቹን ተቀብሎ፣ «ልጃችን ገና ናት» ወይም «ትምህርቷን ትጨርስ» ብሎ በክብር ይሸኛል። ሽማግሌን «እንልክባችኋለን» ብሎ ሰዶ፣ በሰባተኛው ሳምንት ልጁን «በድጋሚ ለጋብቻ የቀረበች» የሚል ቤተሰብ ብንሰማ አገር ጉድ ይላል። ቢሮ ስንገባ ይህ ሁሉ ጨዋነት የት ይሄዳል?

የእኔስ ይሁን፤ ቤት አለኝ፣ ይቺ ዓምድ አለችኝ። የሚያሳስበኝ ወጣቱ ነው። በደርግ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ይመደብ ነበር እንጂ አያመለክትም ነበር። ወደ ጋምቤላ ቢሉት ጋምቤላ፣ ወደ ጎጃም ቢሉት ጎጃም። የእኔ ዕድሜ እኩዮች ያ በር ሲዘጋ ነው የወጣነው። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። ልጁ የመግቢያውን አለፈ፣ የመውጫውን አለፈ፣ የመሥሪያ ቤቱን የጽሑፍ ፈተና አለፈ። ከዚያ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ለፈተና አንዴ፣ ለቃለ መጠይቅ አንዴ ተመላልሶ፣ የትራንስፖርቱን ከአክስቱ ተበድሮ፣ ከዝምታ ጋር ይገናኛል። ከዚያ «በድጋሚ የወጣ» ያያል። ይህ ልጅ ምን ይማራል? አጥንቶ ማለፍ ዋጋ እንደሌለው፣ የሚያስፈልገው «ሰው» እንደሆነ ይማራል። በሚቀጥለው ጊዜ ማመልከቻ ከማስገባቱ በፊት የሚጠይቀው «እዚያ ቤት የማውቀው ማን አለ?» ብሎ ነው። ከዚያ እኛው ተመልሰን «ወጣቱ በአቋራጭ ሄደ» ብለን እንጽፋለን። አቋራጩን ያሳየነው እኛ፤ ዋናውን መንገድ በዝምታ ዘግተን።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ቃለ መጠይቅ ለቀረበ ሰው ሁሉ፣ ማስታወቂያው በድጋሚ ከመውጣቱ በፊት፣ ውጤቱ በስልክ ወይም በጽሑፍ ይነገረው። ያገኘውን ነጥብ ማየት ከፈለገ ይታይለት። በድጋሚ የሚወጣው ማስታወቂያ ለምን እንደወጣና ከመጀመሪያው ምን እንደተለወጠ በአንድ መስመር ይግለጽ። 45 ዓመት የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ከመጀመሪያው 45 ብሎ ይጻፍ፤ እኔም የታክሲዬንና የኮፒዬን ገንዘብ ይዤ ቤቴ እቀመጣለሁ። «ዕድሜዎ ገፍቷል» ቢሉኝ ያመኛል፤ ግን መልስ ነው። ሰው በመልስ ታሞ ይድናል።

እስከዚያው ግን በየኮሚቴው ለተቀመጣችሁ አንድ ቃል አለኝ። ነገ «ብቁ ተወዳዳሪ ባለመገኘቱ» የምትል ቃለ ጉባዔ ፊታችሁ ስትቀርብ፣ ከመፈረማችሁ በፊት የተወዳዳሪዎቹን ፊት አስታውሱ። እኔ የዚያን መምህር ፊት ያስታወስኩት ከፈረምኩ በኋላ ነው። አራት ኪሎ ላይ ቆሞ ለጠየቀኝ ጥያቄ የሚገባው መልስ በእጄ ነበር፤ አልሰጠሁትም። ይህን የሚያነብ ከሆነ፣ ዘግይቶም ቢሆን ይኸው፦ ወንድሜ፣ ምንም አላጠፋህም። ከአምስቱ አንደኛ ነበርክ።

ፎቶ ኮፒው የማይመለስ ይሁን፣ ግዴለም። ጥያቄው ግን ይመለስ።