አሜኬላው ገና ጥቂት ሳለ

እኩዮቼ ሆይ፣ በኮድ ላይ ጸጉራችሁ የሸበተ፣ በአንድ የወል ማከማቻ ዙሪያ አብረን የኖርን ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህን የምጽፍላችሁ ልቤ ከብዶ ነው።

ያደግሁት ወረታ ነው። ርብና ጉማራ ክረምት ሲሞሉ ደለላቸውን እየበተኑ ወደ ጣና የሚወርዱበት ያ ሜዳ፣ በወተቷ የተመሰገነችው የፎገራ ላም እንደ ልቧ የምትግጥበት የወል መሬት ነበር። አሜኬላ መጀመሪያ ብቅ ሲል በውሃ ዳር የቆመ ጥቂት እሾህ ብቻ ነበር፤ እረኛውም ባለከብቱም አይተውት አለፉ፤ መሬቱ የሁሉም ስለነበር ነቃይ አጣ። ጎርፉ ዘሩን ይዞለት ወረደ፤ እኛ ስንነቃ ከብቱ አፉን የሚያሳርፍበት ጠቦ፣ የሩዝ እርሻውም ከወዲያ በኩል እየገፋ መጥቶ ነበር።

ያንኑ ዛሬ በሞኖሬፖአችን ውስጥ አያለሁ። ብዙ ፓኬጆችን በአንድ ማከማቻ ማኖር በጎ ሥርዓት ነው፤ አንዱ ሲለወጥ ሌላው መሰበር አለመሰበሩ እዚያው ይፈተሻል። የኪይማን የአማርኛ ኪቦርድ እንኳ ከብዙ ቋንቋዎች ኪቦርዶች ጋር በአንድ ክፍት ማከማቻ ይኖራል፤ ግን እያንዳንዱ የራሱ ፎልደር፣ የራሱ ፈቃድ፣ በየስሪቱ ምን እንደተለወጠ የሚናገር የታሪክ ፋይል አለው። እኛስ? በቅርቡ አንድ ፎልደር ብከፍት የታሪክ ፋይሉ ባዶ ነው፤ በጠባቂነት የተጻፈው ስም ከተለየን ዓመታት ያለፉት ሰው ስም ነው፤ የዘመን አቆጣጠር መቀየሪያው ሦስት ፓኬጅ ውስጥ ተገልብጦ፣ ሁለቱ ጳጉሜን ሁልጊዜ 5 ቀን ናት ይላሉ።

ጠባቂ ያነሰው ደጅ ማንን እንደሚጠራ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ዓለም አይቷል። ኤክስዚ የተባለውን ፓኬጅ አንድ የደከመ ሰው ብቻውን ይጠብቀው ነበርና፣ ረዳት መስሎ የቀረበ እጅ ከሁለት ዓመት በላይ አመኔታ ሲሰበስብ ቆይቶ የጓሮ በር ሠራበት፤ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ባለሙያ ወደ ኮምፒውተሩ መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየብኝ ብሎ ባይመረምር ኖሮ፣ ክፋቱ ስንቱ አገልጋይ ኮምፒውተር ውስጥ በገባ ነበር።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ ለእያንዳንዱ ፎልደር በሕይወት ያለ ጠባቂና ተተኪ ይጻፍለት፤ ወራሽ ያጣው፣ መተዉ በግልጽ ይነገርለት፤ ሦስት ቦታ የተገለበጠው ወደ አንድ ይሰብሰብ፤ ማንኛውም ለውጥ በሱ ላይ የቆሙት ፓኬጆች ሁሉ ሳይፈተሹ አይለፍ። ቀጣዩ ጳጉሜን 6 በ2019 ዓ.ም. ማብቂያ ይመጣል፤ በዚያች ቀን አንዲት እናት የልጇን ልደት ስታስመዘግብ፣ የኛ ፕሮግራም እንዲህ ያለ ቀን የለም ብሎ እንዳይመልሳት፣ አሜኬላው በእጅ የሚነቀለው ዛሬ ነው።