ድምፃችን በማን እጅ ነው?



ሚዛንም ቴፒም ብዙ ቤት ዐረብ አገር ያለች እህት አለችው። ድምጿን የምንሰማው በኢሞ ነው። ደርሱም ቴሌግራም ላይ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ትልቅ ኒዕማ ነው። ግን አስተውሉ፤ ኤምሬትስ ያለችው እህታችን በዋትሳፕ ጽሑፍ ትልካለች እንጂ መደወል አትችልም፣ አገሩ ጥሪውን ዘግቶታል። ሳዑዲም እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ብዙ የኢንተርኔት ጥሪዎችን ዘግታ ነበር። ስካይፕን ደግሞ ባለቤቱ ማይክሮሶፍት ራሱ በሜይ 2025 ዘጋው።

ኢሞ ከኢሞ፣ ዋትሳፕ ከዋትሳፕ ጋር ብቻ ነው የሚነጋገረው። እናንተ የቡና አገር ልጆች ይሄ ቶሎ ይገባችኋል። ሚዛኑን ማንም ይሥራው፣ ፈረሱላ ቴፒም ጅማም 17 ኪሎ ነው። እያንዳንዱ ነጋዴ የራሱን ፈረሱላ ቢያወጣ ገበሬው ምን ይውጠው ነበር? የኢንተርኔት ጥሪም የጋራ ፈረሱላ አለው፣ ሲፕ ይባላል። ዛሬ የሚሠራበት ደንብ የወጣው በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። ደንቡን የተከተሉ ፕሮግራሞች ማንም ይሥራቸው ማን እርስ በርስ ይደዋወላሉ።

ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆኑም አሉ። ማርክ ስፔንሰር የሚባል አሜሪካዊ ወጣት በ1999 እ.ኤ.አ. ለትንሽ ድርጅቱ የስልክ ማዞሪያ መግዣ ሲያጣ አስተሪስክን ራሱ ጻፈና ለዓለም ለቀቀው። ጂትሲን የጀመረውም ኤሚል ኢቮቭ በስትራስቡርግ ተማሪ ሳለ ነው።

ሚዛን-ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የምትማሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ለመመረቂያ ሌላ የሆቴል መመዝገቢያ ከመሥራት (ስንት ሆቴል አለንና!) ለምን አንድ መድረሳ አትመርጡም? አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አስተሪስክ፣ ተራ የዋይፋይ ራውተር፣ ስልኮቹ ላይ ሊንፎን ይበቃል። በግቢው ውስጥ ያለ ካርድ፣ ያለ ኢንተርኔት መደዋወል ይቻላል። ኡስታዙ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ ሲያስቀራ እህቶች በሌላ ክፍል በስልካቸው ይሰማሉ፣ ጥያቄያቸውንም በድምፅ ይጠይቃሉ። ኔትወርክ ቢጠፋም ደርሱ አይቋረጥም። መብራት ከጠፋ ግን ያው ነው፣ ባትሪ አስቡበት።

ሕጉንም አትርሱ። የ2004ቱ የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠትን ከ3 እስከ 8 ዓመት ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ አድርጎት ነበር። ያኔ ብዙ ሰው ስካይፕ መጠቀምም ወንጀል ሆነ ብሎ ደንግጦ ነበር። ስለዚህ ከግቢ ውጭ ካለ ስልክ ጋር ለማገናኘት፣ ይልቁንም ገንዘብ ለመቀበል ካሰባችሁ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ጠይቁ።

«ኢሞ እያለ ምን አደከመን?» የሚል አይጠፋም። ኢሞን አጥፉ አላልኩም፤ የኤምሬትስን ክልከላም ይሄ አያነሳውም። ነገር ግን የደርሳችን ቅጂ፣ የተማሪዎቻችን ስምና ቁጥር አማና ነው። ዛሬ ያ ሁሉ ያለው አንድም ቀን አይተነው በማናውቅ ኩባንያ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ነገ ቢዘጋብን ማንን እንጠይቃለን?

ለሙከራ አሮጌ ኮምፒውተር ያላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ከረመዳን በፊት አንድ መድረሳ ላይ ብንጀምረው ደስ ይለኛል፣ ኢንሻአላህ።