ስለ ዋግ መድኃኒትና ስለ እርሾ በሽታ

ስንዴን ዋግ ሲመታው መድኃኒት መርጨት የሚነቀፍ ሥራ አይደለም። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ በኢትዮጵያ ስንዴ ላይ ያደረሰው ጥፋት የሚዘነጋ አይደለምና። ነገር ግን አገር የሚያስተዳድሩ ሹማምንትና ሰፊ ማሳ ያላቸው ሰዎች፥ ይህ መድኃኒት በሐኪም ቤት ዘመድ እንዳለው ሊያውቁ ይገባል።

ፕሮፒኮናዞልና ቴቡኮናዞል የሚባሉት የዋግ መድኃኒቶች ሐኪም ለበሽተኛ ከሚያዘው ከፍሉኮናዞል ጋራ የአንድ ወገን ናቸው፤ ወገኑም አዞል ይባላል። ሁሉም የሻጋታንና የእርሾን ገላ የሚያጸናው ቅባት እንዳይሠራ ይከለክላሉ። ስለዚህ አንዱን መቋቋም የለመደ ፈንገስ ሌላውንም ሊንቅ ይችላል።

እርሾ ሁሉ እንደ ጠላ ጥንስስ የሚጠቅም አይደለም። ካንዲዳ አውሪስ የተባለው እርሾ በዚሁ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. በጃፓን አገር ከአንድ በሽተኛ ጆሮ ተገኝቶ ተገለጠ። ከዚያ ወዲህ በህንድ፥ በእንግሊዝ፥ በደቡብ አፍሪካና በአሜሪካ ሐኪም ቤቶች ከበሽተኛ ወደ በሽተኛ ሲተላለፍ ታየ፤ ወደ ደም የገባበትም ሰው ብዙ ጊዜ ይሞታል። በአሜሪካ ከተመረመረው ከ100 እጅ 90 ያህሉ ለፍሉኮናዞል፥ 30 ያህሉም ለአምፎቴሪሲን አልታዘዘም፤ ኤኪኖካንዲን የተባለውን ወገን የሚቋቋመው ግን ከ5 እጅ ያነሰ ነው። እንግዲህ እርሾው በየትኛው መድኃኒት እንደሚሸነፍ አስቀድሞ መመርመር የበሽተኛውን ሕይወት የሚወስን ነገር ነው።

የዚህ እርሾ እልከኝነት ከማሳ መጣ ብለን አንፈርድም። ቢሆንም በሆላንድ አገር አስፔርጊሉስ የሚባለው ሻጋታ አዞል ባለበት የአትክልት ቅሬታ ውስጥ መቋቋምን ለምዶ፥ መድኃኒቱን ከቶ ባልቀመሱ በሽተኞች ሳንባ ተገኝቷል። በ2022 ዓ.ም. ደግሞ የህንድ ሊቃውንት ካንዲዳ አውሪስን ተከማችቶ በቆየ ፖም ላይ ማግኘታቸውን ገለጡ። ይህ ለአስተዋይ ሰው በቂ ማስጠንቀቂያ ነው።

ስለዚህ ሹማምንት በየወረዳቸው ገበሬውን እንዲህ ብለው ይምከሩ፤ ዋግን የሚቋቋም ዘር ይዝራ፤ ማሳውን እየዞረ ይመልከት፤ ዋግ ሳይታይና ሳያሠጋ በልማድ ብቻ አይርጭ፤ ሲረጭም በታዘዘው ልክ ይሁን፤ የተረፈውን ወደ ወንዝ አይድፋ፤ የመድኃኒቱንም ወገን ያለዋውጥ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ መድኃኒቱ ኃይል ሳለው መቆጠብ ስንዴውንም በሽተኛውንም ማዳን ነው።