ዝቅ ያለ መኪና፣ ያበጠ ልብ

መኪና ዝቅ ማድረግ ኃጢአት አይደለም። የፒክአፕ አፍቃሪዎች «ይሄ ደግሞ ስለ መኪና ምን ያውቃል!» ብለው ገጹን ሳይገልጡት ይህን ልናገርና ልገላገል። ጠቤ ከመኪናው ቁመት ጋር አይደለም። ጠቤ የሚታየውን ሞላ በውድ ገዝቶ የማይታየውን ሾክ አብዞርበር «እሱ ለጊዜው ይቆይ» ከሚለው ሰው ጋር ነው። ይህ ሰው አሜሪካም አለ፣ ሶማሌ ተራም አለ። መልኩና ቋንቋው ይለያይ እንጂ ጠባዩ አንድ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ሞላ ክብደት ይሸከማል። ፒክአፕ ከሆነ ከኋላ በኩል በሞላው ፈንታ አብዛኛውን ጊዜ ባሌስትራ ነው ያለው። ጎማው ጉብታ ሲያገኘው ሞላው ይጨመቃል፤ ከዚያ የተጨመቀበትን ጉልበት መልሶ ይለቃል። ጣጣው ያለው እዚህ መመለሱ ላይ ነው። ሞላ አንዴ ከተነካ ብቻውን ዝም አይልም፤ እንደ ሐሜተኛ የሰማውን ነገር ደጋግሞ ያወራል። ዝም የሚያሰኘው ሾኩ ነው። ሾኩ ውስጥ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ሲያልፍ የሞላውን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ሙቀቱም ወደ አየር ይሄዳል፤ ወሬውም እዚያው ያበቃል። እንግዲህ ሞላና ሾክ ባልና ሚስት ናቸው። ባልየውን ጎረምሳ አድርጎ ሚስትየዋን አሮጊት እንዳለች መተው ትዳር ማፍረስ ነው።

ዝቅ ያለና ፈጣን ፒክአፕ የሚባለው ነገር የአሜሪካኖች ፈጠራ ነው። ፒክአፕ ማለት መጀመሪያ የገበሬና የግንበኛ ዕቃ ነበር። እነሱ ግን «ጭነቱን ትተን እንሩጥበት» አሉ። እ.ኤ.አ. በ1991 ጂኤምሲ «ሳይክሎን» የተባለ ትንሽ ፒክአፕ አወጣ። በዘመኑ ከስፖርት መኪና ጋር የሚወዳደር ፍጥነት ነበረው፤ የመጫን አቅሙ ግን 500 ፓውንድ፣ በእኛ ስሌት ሁለት ኩንታል ከሩብ ገደማ ነበር። ሁለት ኩንታል ጤፍና አንድ ፍየል ማለት ነው! ፎርድ በ1999 ባወጣው ሁለተኛው ትውልድ «ላይትኒንግ» ላይ 360 የፈረስ ጉልበት ገጠመ፤ በ2001 ወደ 380 አሳደገው። ዶጅ ደግሞ «ቫይፐር» ከተባለው የስፖርት መኪናው ባለ 10 ሲሊንደሩን ሞተር አውጥቶ «ራም ኤስአርቲ-10» ላይ አስቀመጠውና በ2004 በሰዓት 248 ኪሎ ሜትር ገደማ አስሮጠው። ፒክአፕ! ያውም ሲሚንቶ የሚጫንበት!

ይሄ ሁሉ እብደት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን እብደቱን ያበዱት በሥርዓት ነው፤ የክርክሬም ፍሬ ይኸው ነው። ላይትኒንግ ከወንድሞቹ ዝቅ ብሎ ሲሠራ መሐንዲሶቹ ሞላ ቆርጠው «ሂድ» አላሉትም። ሞላውን፣ ባሌስትራውን፣ ሾኩን፣ ሰውነቱ በኩርባ ላይ እንዳይጋደም የሚይዘውን ብረትና ጎማውን በአንድ ላይ አስልተው ነው ያዋደዱት። በመጨረሻዎቹ የምርት ዓመታት ጭራሽ ሾኩን «ቢልሽታይን» ወደሚባለው የጀርመን ሥሪት ቀየሩት። ለታይታ አይደለም፤ ሾክ ከመኪናው ሥር ተደብቆ የሚኖር ዕቃ ነውና ማንም አያየውም። ፍጥነት ሲጨምር ሞላውን ዝም የሚያሰኝ ኃይልም መጨመር እንዳለበት ስለሚያውቁ ነው።

ያንን መኪና፣ ወይም እሱን የሚመስለውን፣ ከሁለተኛና ከሦስተኛ እጅ የሚገዛው ሰውስ? አሮጌው ሞላ ላልቷል፤ ሾኩ ዘይቱን አልቅሶ ጨርሷል። ጋራዥ ይሄዳል። ከዚያ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን።

«ጋሼ፣ ሦስት ኢንች ዝቅ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ።»

«ሞላው አለ። ሾኩም አብሮ ይቀየር፣ ልጄ፤ ይሄ አልቋል።»

«ሾኩ ገና ይሠራል፤ እሱ ይቆይ። ሪሙ ስንት ነው?»

«ሪሙ ስንት ነው» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። ለሾክ የጠፋ ብር ለሪም ተገኘ። ለምን? ሪም ይታያላ! ሰውየው መኪናውን ካፌ በር ላይ ሲያቆም ሪሙንና በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ያለችውን ክፍተት የሚያይለት ሰው አለ። ተንበርክኮ «ሾክህ የማን ሥሪት ነው?» የሚለው ግን የለም። እኛ ሰዎች ግንቡን በቀለም አሳምረን ቧንቧው ሲያፈስ በባልዲ የምንደግፍ ፍጥረቶች ነን። መኪናችን ቤታችንን መሰለ ቢባል አይደንቅም።

አሁን «የማይታየው» ምን እንደሚያደርግ እንይ። መኪና ዝቅ ሲል ሞላው የሚጨመቅበት ቦታ ያጥራል። ስለዚህ ዝቅ የሚያደርግ ሞላ ከፋብሪካው ጠንከር ማለት አለበት፤ አለዚያ በእያንዳንዱ ጉብታ ወለሉን ይመታል። ሞላ ሲጠነክር ደግሞ የሚመልሰው ጉልበት ይበዛል። አሮጌው ሾክ የተሠራው ለለስላሳው ሞላና ለረጅሙ ቁመት ነው፤ አዲሱን ጉልበት መያዝ አይችልም። በዚያ ላይ ቁመቱ ስላጠረ ፒስተኑ ከታች ወለሉን እየደበደበ ይሠራና በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይሞታል። ሾኩ ሲሞት ጎማው አስፋልቱን አይረግጥም፤ ይዘላል። የኋላው ባዶ የሆነ ፒክአፕ ላይ ይሄ ይብሳል፤ ጎማውን ወደ መሬት የሚጫን ክብደት የለማ። አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ ፍሬንም መሪም አያውቅም። 380 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና አራት ጎማ ፍሬን ይዞ በሁለቱ ብቻ ሲቆም አስቡት። ከፊቱ ያለው እግረኛስ? እሱ ሪሙን አላደነቀም፤ ዕዳው ግን ለእሱ ተረፈ።

ከዚህ የባሰው ሞላ የሚያስቆርጠው ነው። ፋብሪካው የሠራውን ሞላ በመቁረጫ ሁለት ዙር አንስቶ መልሶ መግጠም! ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው። የተቆረጠው ጫፍ ግን መቀመጫው ላይ አይገጥምም፤ ጎማው ሲንጠለጠል ሞላው ከቦታው ሊወጣ ይችላል። በእሳት አግለው የሚያሳጥሩትማ የብረቱን ጥንካሬ ገድለው ነው የሚመልሱላችሁ። ይሄን የሚያደርግ መካኒክ ባለሙያ ነኝ ሊል አይገባም።

«የራሴ መኪና ነው፤ በገንዘቤ ምን አገባህ?» የሚለው መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ወዳጄ፣ መኪናው ያንተ ነው፤ መንገዱ ግን የጋራ ነው። ይሄን እኔ ብቻ አይደለሁም የምለው። ጀርመን አገር መኪናው ላይ ያልጸደቀ ሞላ የገጠመና ያላስመረመረ ሰው መኪናው መንገድ ላይ የመውጣት ፈቃዱን ያጣል። ነፃነት ነፃነት የምትለው አሜሪካ እንኳ ትዕግሥቷ አልቆ አይተናል። ፊቱን ሰቅለው ኋላውን የሚያወርዱት «ካሮላይና ስኳት» የሚባል ፋሽን መጥቶ ሾፌሩ ከኮፈኑ ፊት ያለውን ሰው አላይ አለ፤ መብራቱም ሰማይ ሰማይ ያበራ ጀመር። ሰሜን ካሮላይና ከታኅሣሥ 2021 ጀምሮ ከለከለችው፤ ያ ሁሉ ወገናችን የሚኖርባት ቨርጂኒያ በ2022፣ ደቡብ ካሮላይና በ2023 ተከተሏት። የግል ነው የተባለው ቄንጥ የሰው ሬሳ ሲያስቆጥር የግል መሆኑ ይቀራል።

የእኛው አገርስ? እኛ ፒክአፕን ዝቅ ከማድረግ ይልቅ ከፍ እናደርጋለን። ባሌስትራ እናስጨምራለን። ፋብሪካው አሥር ኩንታል ያለውን ሃያ ልንጭንበት ነዋ! አቅጣጫው ይለያይ እንጂ በሽታው ያው ነው። ባሌስትራው ተጨምሮ ሾኩ ያው አሮጌው ነው። ጭነቱን አራግፎ ሲመለስ መኪናው ጠጠር መንገድ ላይ እንደ ፌንጣ ይዘላል፤ ኩርባ ላይ ኋላው ፊቱን ሊቀድም ይሽቀዳደማል። ሲገለበጥ «ፍጥነት ነው» እንላለን። ፍጥነትማ አለበት። ግን ጎማው መሬቱን ለቆ እንደነበር ማን ይጠይቃል? አሜሪካዊው ለታይታ፣ እኛ ለጥቅም፣ ሁለታችንም ሾኩን ረሳነው። ልዩነታችን እነሱ የሚገድሉት ብዙውን ጊዜ ባዶ መኪና ይዘው ሲሆን እኛ ከጭነቱ ላይ ሰው አስቀምጠን መሆኑ ነው።

ታዲያ ምን ይሁን? መፍትሔው ሮኬት ሳይንስ አይደለም። ሞላ ከመግዛትህ በፊት ለራስህ በሐቀኝነት መልስ፦ ምን ትጭናለህ? የምትነዳው የት ነው? እቃ የምትጭን ከሆነ ኋላውን አታውርደው። ጉድጓድ የበዛበት ሰፈር ከሆነም አንድ ወይም ሁለት ኢንች ይበቃሃል፤ ከዚያ በላይ ያለው የሻሲህን ሆድ መፋቅ ነው። ሞላውንና ሾኩን እርስ በርስ ተሰልተው የተሠሩትን አንድ ላይ ግዛ። ብርህ ካልበቃ ሾኩን አስቀድም። በፋብሪካው ሞላ ላይ ለእሱ የተሠራ ጥሩ ሾክ የገጠመ ሰው በሰላም ይነዳል፤ በአዲስ ሞላ ላይ የሞተ ሾክ የተወ ግን አይነዳም፣ ይንሳፈፋል። ሾክ ሲቀየር ግራና ቀኙ አብሮ ይቀየር። ከዚያ የጎማው አቅጣጫ ይስተካከል፤ መብራቱም እንደገና ይታይ። ሻጮችም «ሞላው ብቻውን ይበቃል» ማለታችሁን ተዉ። ብቻውን የማይበቃ መሆኑን ከማንም በላይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ በሦስት ወሩ ሾክ ፍለጋ ተመልሶ የሚመጣው ደንበኛ ወደ ማን እንደሚመጣም ታውቃላችሁ።

ሾክ የማይታይ፣ የማይወራለት፣ ፎቶ የማይነሣ ዕቃ ነው። ሲሠራ ማንም አያመሰግነውም፤ መኪናው ዝም ብሎ ይሄዳል። ሲሞት ግን ሁሉም ይሰማዋል፤ መጀመሪያ የሚሰማው ደግሞ መኪናውን የገዛው ሰው ላይሆን ይችላል።