ጤነኛውን ውሻ አታክሙት

ዋሽንግተን ዲሲ፣ አዳምስ ሞርጋን፣ 18ኛው ጎዳና ላይ ግሬይሃውንድ የተባለውን የእሽቅድምድም ውሻ ይዞ የሚያልፍ ሐበሻ ከእናቶች ወቀሳ አያመልጥም፤ «ምነው ልጄ፣ አታበላውም እንዴ?» ይሉታል የጎድን አጥንቱን እያዩ። የእናቶቹስ ይሁን፤ የሚያሳስበኝ ዝርያውን የማያውቅ የእንስሳት ሐኪም ነው። ፍሎሪዳ በ2018 እ.ኤ.አ. በሕዝብ ድምፅ የከለከለችው የውሻ እሽቅድምድም በ2020 ማብቂያ ቆሟል፤ ጡረታ የወጡት ሯጮች ደም ግን ከሌላው ውሻ ይለያል። ቀይ የደም ሴላቸውና ክሪያቲኒናቸው ከፍ፣ ፕሌትሌታቸውና የታይሮይድ ሆርሞናቸው ዝቅ ይላል። የላቦራቶሪው ወረቀት ቲ4 በተባለው የታይሮይድ ሆርሞን አጠገብ «ዝቅተኛ» የሚል ምልክት ስላለበት ብቻ ምንም ላልሆነ ውሻ የዕድሜ ልክ ክኒን ሊታዘዝለት ይችላል። ስለዚህ ባለቤቱ ይጠይቅ፤ «ይህ ለግሬይሃውንድ ጤነኛ ልክ አይደለም ወይ?» ማለት ድፍረት አይደለም። (እኛ ሐኪም ፊት አንገት መድፋት ይቀናናል።) እንደ ቲዮፔንታል ያለ ማደንዘዣም ከእነዚህ ውሾች ሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ቀዶ ጥገናው በሰላም ካለቀ ከቀናት በኋላም ሊደሙ ይችላሉ። ይህ ሁሉ ከቀዶ ጥገናው በፊት ይነሳ። ውሻው ማንከስ ከጀመረ ደግሞ ወለምታ ነው ብሎ ለሳምንታት ማሸት አይገባም፤ ዝርያው በአጥንት ካንሰር ክፉኛ ይጠቃልና ራጅ ይነሳ፣ ያውም ሳይውል ሳያድር።