ከጭፈራው በፊት

እውነቱን ልናገር፤ መርከብ ላይ ድግስ አለ ሲባል ስለ መንሳፈፊያ ጃኬት የሚያስብ ሰው አላውቅም። ከማያሚ የምትነሣውን «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» አስቧት። 365 ሜትር ርዝመት፣ 20 ፎቅ፣ ከ7,000 በላይ መንገደኛ የምትይዝ። ሻንጣ ታስረክባላችሁ፣ በፍተሻ ታልፋላችሁ፣ ፓስፖርት ታሳያላችሁ። ከዚያማ ሽቅብ ወደ መዋኛ ገንዳው! ሙዚቃው ተከፍቷል፣ መርከቧም ልትነሣ ነው።

መሐል ላይ ግን አንዲት አሰልቺ ጣጣ አለች፦ አደጋ ቢደርስ የት እንደምትሰበሰቡና ጃኬቱ እንዴት እንደሚለበስ መማር። እኔ የምለው፣ ይህችን ጣጣ አትናቋት።

ጃንዋሪ 13 ቀን 2012 (እ.ኤ.አ.) ምሽት «ኮስታ ኮንኮርዲያ» ጣሊያን ውስጥ ጂልዮ ደሴት አጠገብ ከዓለት ጋር ተጋጨች። 32 ሰው ሞተ። በዚያው ዕለት ቺቪታቬኪያ ወደብ የተሳፈሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ መንገደኞች ልምምዱን ገና አልወሰዱም ነበር። ሕጉ 24 ሰዓት ይሰጥ ስለነበር ለማግሥቱ ተቀጥሯል። ከ2015 ወዲህ ግን ልምምዱ መርከቡ ሳይነሣ፣ ቢዘገይ ወዲያው እንደተነሣ ሆኗል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄ ነው!

ዛሬ በብዙ መርከቦች ትምህርቱ የሚሰጠው በስልክ ቪዲዮ ነው፤ ከዚያ መሰብሰቢያው ቦታ ደርሶ መመዝገብ ብቻ። ይመቻል፣ አልካድኩም። ግን ስንቶቻችን ነን ቪዲዮውን ከፍተን ዓይናችንን ገንዳው ላይ የምንተክል? ለእኔ ሁሉም በአካል ተሰብስቦ ቢማር ይሻላል፤ እስከዚያ ሙዚቃው ይዘጋ።

ጭፈራው እንደሆነ ሳምንቱን ሙሉ አለ።